የ700 ሰው ሥራ፦ ክላርና የደንበኛ አገልግሎቱን ለማሽን ሲያስረክብ

አንዲት ሴት በኢንተርኔት ጫማ አዘዘች። ጠበባትና መለሰችው። ሻጩ ጫማውን ተረክቧል፤ «ክፈይ» የሚለው መልእክት ግን በየሳምንቱ ስልኳ ላይ መምጣቱን አላቆመም። ቢቸግራት ቻት ከፍታ «ዕቃውን ከመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ አሁንም ለምን ትጠይቁኛላችሁ?» ብላ ጻፈች።

ለሁለት ዓመት ያህል ሥራዬ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ መመለስ ነበር። ስለዚህ ከዚያች አጭር መልእክት ጀርባ ምን እንዳለ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ማንነቷን ታረጋግጣለህ። ቀጥለህ የትዕዛዝ ቁጥሩን ትጠይቃለህ፤ እሷ ኢሜይሏን ስታገላብጥ ትጠብቃለህ። በአንዱ መስኮት የሒሳብ መዝገቧን፣ በሌላው የሻጩን ገጽ፣ በሦስተኛው የማጓጓዣውን ቁጥር ትከፍታለህ። ሻጩ ዕቃውን ቢረከብም መመለሱን ገና እንዳልመዘገበ ታያለህ። የክፍያ ቀኑን ትገፋላታለህ፤ ለምን እንደገፋህ ለሚቀጥለው ባልደረባህ ማስታወሻ ትጽፋለህ፤ ከዚያ ለሴትዮዋ የሆነውን በሚገባት ቋንቋ ታስረዳታለህ። ይህን ሁሉ ስታደርግ ሌሎች ሁለት ደንበኞች በሌሎች ሁለት መስኮቶች «አለህ?» እያሉህ ነው። 10 ወይም 11 ደቂቃ እንዲህ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2024 ክላርና የተባለው የስዊድን ኩባንያ ይህ ሥራ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማለቅ መጀመሩን አስታወቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቀደም ሲል በአማካይ 11 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። መልሱን የሚሰጠው ቻትጂፒቲን በሠራው በኦፕንኤአይ የቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ አንብቦ በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም) ላይ የተሠራ ረዳት ነው። በመጀመሪያው አንድ ወር ብቻ 2.3 ሚሊዮን ንግግሮችን አስተናግዷል፤ ይህም ወደ ኩባንያው ከመጣው የደንበኞች ቻት ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ኩባንያው በዚያው መግለጫ ያስቀመጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ በዓለም ዙሪያ ተናኘ። ረዳቱ የሚሠራው ሥራ የ700 ሙሉ ጊዜ ሠራተኞችን ሥራ ያህላል የሚለው ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ሥራ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ትንበያ ነው። ክላርና የተለየ የሚሆነው ከማስታወቂያው እስከ ውጤቱ ያለውን መንገድ ቀን በቀን መከታተል ስለሚቻል ነው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ብዙ ተናግረዋል፤ ከተናገሩት የተወሰነውን መልሰው አርመዋል፤ የሰው ቁጥሩ፣ ገቢውና ወጪውም ለባለ አክሲዮኖች በየጊዜው ይፋ ሆኗል። እኔም ይህን ጉዳይ ከሁለት ዓመት በላይ የተከታተልኩት ለዚሁ ነው።

ዱቤ ሻጩ

ክላርና የሚሠራው እኛ በደንብ የምናውቀውን ነገር ነው፤ ዱቤ ይሰጣል። የሰፈር ባለ ሱቅ ስምህን በደብተሩ ጽፎ ስኳሩን እንደሚያስይዝህ ሁሉ፣ ክላርናም ለሻጩ ገንዘቡን ወዲያው ይከፍልና ከገዢው በ3 ወይም በ4 ጊዜ ክፍያ ይሰበስባል። በአገራችን ዳሸን ባንክ «ዱቤ አለ» ብሎ ያቀረበው አገልግሎት የዚሁ ዘመድ ነው። ክላርናን በ2005 በስቶክሆልም የመሠረቱት ሦስት ወጣቶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሴባስቲያን ሲሚያትኮቭስኪ እስከ ዛሬ ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ከፖላንድ ወደ ስዊድን የተሰደዱ ቤተሰብ ልጅ ሲሆኑ፣ ከአንደኛው መሥራች ጋር የተዋወቁት በርገር ኪንግ ውስጥ አብረው ሲሠሩ ነበር።

ዱቤ ባለበት ጥያቄ አይጠፋም። ዕቃ ይዘገያል፣ ይመለሳል፣ ይሰበራል፣ አንዱ ሁለቴ ይከፍላል፣ ሌላው ያላዘዘው ዕቃ ሒሳብ ይመጣበታል። ለዚህ ነው የደንበኛ አገልግሎት ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት ትልቅ ወጪ የሚሆነው።

የማሽኑን ታሪክ ከ2024 ከጀመርነው ግን ግማሹን እናጣለን። በ2021 አጋማሽ ባለሀብቶች ክላርናን በ45.6 ቢሊዮን ዶላር ገምተውት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወለድ ሲንር ያው ኩባንያ በ6.7 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በሜይ 2022 ከሠራተኞቹ 10 በመቶውን፣ ማለትም 700 ገደማ ሰዎችን እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ለሠራተኞቹ የተነገራቸውም አስቀድሞ በተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ «የ700 ሰው ሥራ» የሚለው ሲመጣ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ይገናኙ እንደሆነ የጠየቁ ነበሩ፤ ኩባንያው ፈጽሞ አይገናኙም ብሏል። የቁጥሮቹ መመሳሰል አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ወጪ የመቁረጥ ጥድፊያው ግን ማሽኑ ሳይመጣ በፊት በቤቱ ውስጥ ነበር። አዲስ መሣሪያ ምን እንዲያደርግ እንደሚታዘዝ የሚወስነው በዚያ ሰዓት ቤቱን የጨነቀው ነገር ነው፤ ክላርናን ደግሞ በዚያ ሰዓት የጨነቀው ወጪ ነበር።

የ700ዎቹ ማንነት

ማስታወቂያው በወጣ ማግስት በፓሪስ የአክሲዮን ገበያ የቴሌፐርፎርማንስ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ቴሌፐርፎርማንስ በዓለም ትልቁ የጥሪ ማዕከል ድርጅት ሲሆን፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀጥሮ የሌሎች ኩባንያዎችን ደንበኞች ያስተናግዳል። ባለ አክሲዮኖቹ ጉዳዩ ማንን እንደሚነካ ከጋዜጦቹ ቀድመው ገብቷቸዋል።

የክላርና የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች አብዛኞቹ የክላርና ተቀጣሪዎች አልነበሩም። በኮንትራት የተያዙ ሌሎች ድርጅቶች ነበሩ የሚያቀርቧቸው። ሲሚያትኮቭስኪ እንደተናገሩት ቁጥራቸው ከ3,000 ገደማ ወደ 2,000 ወረደ። ይህን ልብ እንበል። ማንም የክላርና ኃላፊ ለእነዚያ 1,000 ሰዎች የስንብት ደብዳቤ አልጻፈም። ኮንትራቱ ሲታደስ የሰው ቁጥሩ አነሰ፣ ያ ብቻ ነው። ክላርና በኖቬምበር 2023 ከስዊድን የሠራተኛ ማኅበራት ጋር የሥራ ማቆም አድማ ካፋጠጠው በኋላ የኅብረት ስምምነት ተፈራርሟል፤ ስምምነቱ ግን የሚጠብቀው የራሱን የስዊድን ሠራተኞች ነው። በሌላ አገር፣ በሌላ ድርጅት ስም፣ የክላርናን ደንበኛ ሲያስተናግድ ያመሸው ሰው በዚያ ወረቀት ላይ የለም።

በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። እኔም ስሠራ ለደንበኛው የምናገረው በአንድ ኩባንያ ስም ነበር፤ ደሞዜ የሚመጣው ከሌላ ነበር። አንድ ወር ሺፍታችን ከ5 ቀን ወደ 3 ቀን ወረደ። ሱፐርቫይዘራችንን ስንጠይቃት «የጥሪ መጠን ቀንሷል» አለችን። ለምን እንደቀነሰ እሷም አልተነገራትም ነበር።

ማሽኑ የወሰደው የትኛውን ነው?

ረዳቱ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልግለጽ። የቋንቋ ሞዴሉ ብቻውን ስለዚያች ሴት ጫማ የሚያውቀው ነገር የለም። ዋጋ የሚኖረው ከኩባንያው መመሪያዎችና ከደንበኛዋ መዝገብ ጋር ሲገናኝ ነው። ጥያቄዋን ያነብባል፣ ከመመሪያው የሚስማማውን ይፈልጋል፣ የሒሳቧን ሁኔታ ያያል፣ መልሱን በራሷ ቋንቋ ያቀናብራል። ከ35 በሚበልጡ ቋንቋዎች፣ በ23 ገበያዎች፣ ሌት ተቀን ይህን ያደርጋል። ተመላሽ ገንዘብ፣ የዕቃ መመለስ፣ የተሰረዘ ትዕዛዝ፣ የተሳሳተ ሒሳብ፣ የክፍያ ጥያቄ ሁሉ በእሱ ያልፋሉ። ካልሆነለት ለሰው ያስተላልፋል።

ኩባንያው እንዳለው የደንበኞች እርካታ ከሰዎቹ ጋር እኩል ሆነ፤ በአንድ ጉዳይ ተመልሶ የሚጠይቅ ደንበኛም በ25 በመቶ ቀነሰ። ይህን ለማመን አልቸገርም። ሰኞ ጠዋት ከሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ «ክፍያዬ ገብቷል?»፣ «ቀኑን ማራዘም እችላለሁ?»፣ «ዕቃዬ የት ደረሰ?»። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሳይሰለፍ መልስ ያገኘ ሰው ማሽን ይሁን ሰው ደንታ የለውም፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

ጥያቄው ያለው «የ700 ሰው ሥራ» የሚለው ስሌት ላይ ነው። ስሌቱ ንግግርን ከንግግር ጋር እኩል አድርጎ ይቆጥራል። አንድ የጥሪ ማዕከል ውስጥ ያደረ ሰው ግን ንግግሮች እኩል እንዳልሆኑ ያውቃል። ቀኑን የሚበላው ከ20 አንዱ ነው። ስሙን ሰርቀው በስሙ የተበደሩበት ሰው አለ። ሻጩ ከስሮ የተዘጋበት፣ ዕቃውም ገንዘቡም የሌለው አለ። ከሥራ ተባሮ በዚህ ወር መክፈል የማይችል፣ ይህንንም ለማያውቀው ሰው መጻፍ ያሳፈረው አለ። እነዚህ ለሰው ይተላለፋሉ። ድሮ ሠራተኛው በሁለት ከባድ ጉዳዮች መካከል አሥር ቀላል ጥያቄ ይመልስ ነበር፤ በዚያ መሀል ይተነፍሳል። ቀላሎቹ ሲወሰዱ የቀረው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የተቆጣና ያለቀሰ ሰው ብቻ ነው የሚያነጋግረው። የሚለካበት ደቂቃ ግን በድሮው ሚዛን ከሆነ ሥራው ይሰብረዋል።

ሌላም አለ፣ እኔ ከሁሉ ይበልጥ የማስበው። ቀላል ጥያቄ የአዲስ ሠራተኛ ትምህርት ቤት ነበር። እኔ የመጀመሪያ ሦስት ሳምንቴን «ክፍያዬ ገብቷል?» ስመልስ ነው ያሳለፍኩት። በዚያ ነው የመዝገቡን አሠራር፣ የሻጮቹን ጠባይ፣ የደንበኛ ንዴት ከየት እንደሚመጣ የተማርኩት። ያ እርከን ከተነሳ፣ ከባዱን ጉዳይ የሚይዘው ሰው ከየት ተምሮ ይመጣል?

ቅጥር የቆመበት ቤት

በክላርና ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ የሆነው ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። ኩባንያው በ2023 መጨረሻ ገደማ ከጥቂት ሙያዎች በቀር አዲስ ሰው መቅጠር አቆመ። በእንዲህ ዓይነት የቴክኖሎጂ ኩባንያ በየዓመቱ ከአምስቱ ሠራተኛ አንዱ በራሱ ፈቃድ ይለቃል፤ ምትክ ካልተቀጠረ ቤቱ ያለ ስንብት ይጠብባል። ሲሚያትኮቭስኪ በ2024 በጋ ሠራተኛው ከ5,000 ወደ 3,800 መውረዱን፣ ወደፊት 2,000 ሊበቃ እንደሚችል ተናገሩ። ኩባንያው ሴልስፎርስና ዎርክዴይ የተባሉትን ትልልቅ የቢሮ ሶፍትዌሮች ትቶ የራሱን አሠራር እንደሚገነባም በዚያው ሰሞን ተሰማ። ሲሚያትኮቭስኪ በዲሴምበር 2024 ለብሉምበርግ የዜና ድርጅት በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ እኛ ሰዎች የምንሠራቸውን ሥራዎች ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሁኑኑ መሥራት ይችላል ብለው እንደሚያምኑ ገለጹ። በሜይ 2025 የሩብ ዓመቱን የሥራ ውጤት ያቀረበው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የእሳቸው ምስልና ድምፅ ነበር።

ይህ ንግግር ለጆሮ የሚጥም ባይሆንም አንድ ነገር አከብርላቸዋለሁ። ብዙ የኩባንያ መሪዎች ሰው ይቀንሱና «ማንም አይነካም» ይላሉ። እሳቸው የሚሆነውን በግልጽ ተናግረዋል። ክላርና ወደ አክሲዮን ገበያ ለመግባት እየተዘጋጀ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ንግግር ባለሀብቶችን እንደሚስብ ማሰብም ተገቢ ነው።

«ጥራቱ ወረደ»

በሜይ 2025 ሲሚያትኮቭስኪ እንደገና ለብሉምበርግ ተናገሩ። አገልግሎቱ ሲደራጅ ወጪ ከሚገባው በላይ መመዘኛ ሆኖ ነበር፤ ውጤቱም ዝቅ ያለ ጥራት ሆነ አሉ። ደንበኛ ከፈለገ ሁልጊዜ የሚያገኘው ሰው መኖሩን በግልጽ ማወቅ አለበት ሲሉም አከሉ። ኩባንያው ሰዎችን መልሶ ሊቀጥር መሆኑ በዚያው ተሰማ።

ዜናው በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ፤ «ክላርና ተጸጸተ» ተባለ። ብዙ ሰው ደስ አለው፤ እኔም ለጥቂት ሰዓታት ደስ ብሎኝ ነበር። ዝርዝሩን ሳነብ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የተመለሰው ሥራ የድሮው ሥራ አልነበረም። ሐሳቡ እንደ ኡበር ሹፌሮች ነው፤ ሰዎች ከቤታቸው ሆነው፣ በሚመቻቸው ሰዓት ገብተው ደንበኛ ያስተናግዳሉ። የታሰቡትም ተማሪዎች፣ በገጠር የሚኖሩ ሰዎችና ክላርናን አዘውትረው የሚጠቀሙ ደንበኞች ናቸው። ሙከራው የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነበር።

ለተማሪ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ መጓጓዣ ሳያወጣ ይሠራል። ነገር ግን ከባዱ ጉዳይ ሁሉ ለሰው በሚተላለፍበት ቤት፣ ያንን ጉዳይ የሚይዘው ሰው በአጠገቡ ሱፐርቫይዘር የሌለው፣ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይሆናል ማለት ነው። እኔ በሥራዬ ላይ የከበዱኝን ቀናት ያለፍኩት ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ «ስጠኝ፣ እኔ ልየው» ስላለችኝ ነው።

ማሽኑም ወደ ኋላ አልተመለሰም። ኩባንያው በሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ አንዱን አክሲዮን በ40 ዶላር ሸጦ ገባ። በኖቬምበር 2025 ሦስተኛውን ሩብ ዓመት ሲያስታውቅ ረዳቱ የሚሠራው የ853 ሰው ሥራ ያህል ደርሷል ተባለ። በ2022 ከነበሩት 5,527 ሠራተኞች የቀሩት 2,907 ነበሩ። ገቢው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ፤ የሥራ ማስኬጃ ወጪው ግን ባለበት ቆየ። ለአንድ ሠራተኛ የሚወጣው አማካይ ክፍያ ከ126,000 ወደ 203,000 ዶላር ከፍ አለ። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ተጠቅመዋል፤ ይህ መካድ የለበትም። በኮንትራት ድርጅቶቹ በኩል የነበሩት ግን በዚህ አማካይ ውስጥ አይቆጠሩም።

ስለዚህ «ማሽኑ አልቻለም፣ ሰው ተመለሰ» የሚለው አነጋገር ያጽናናል እንጂ ትክክል አይደለም። ማሽኑ ችሏል፤ ለዚያውም በብዙው። ኩባንያው የተሳሳተው ቀሪውን ጥቂት፣ ከባዱን ጉዳይ እንደ ትርፍ መቁጠሩ ላይ ነው።

በሌላ መንገድ የሄዱት

ይህ መንገድ ብቸኛው እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ኤሪክ ብሪንዮልፍሰን፣ ዳንዬል ሊ እና ሊንዚ ሬይመንድ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ከ5,000 በላይ የደንበኛ ድጋፍ ሠራተኞችን መርምረዋል። ሠራተኞቹ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ ደንበኞችን የሚያስተናግዱ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ያሉት ፊሊፒንስ ውስጥ ነው። እዚያ ማሽኑ ከደንበኛው ጋር አይነጋገርም። በሠራተኛው ስክሪን ጥግ ላይ ሆኖ «እንዲህ ብትል» እያለ ሐሳብ ያቀርባል፤ ሠራተኛው ከፈለገ ይወስደዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል።

ውጤቱ በሰዓት የሚፈቱ ጉዳዮች በአማካይ 15 በመቶ ገደማ መጨመራቸው ነው። ግን አማካዩ ብዙ ይሸፍናል። ለአዲሶቹ ሠራተኞች ጭማሪው ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ለነባሮቹና ለጎበዞቹ ከምንም አይቆጠርም። መሣሪያው ያለው የሁለት ወር ሠራተኛ፣ መሣሪያው ከሌለው የስድስት ወር ሠራተኛ ጋር እኩል ሠራ። ምክንያቱ ማሽኑ የተማረው ከጎበዞቹ ንግግር ስለሆነ ነው፤ እነሱ በዓመታት ያካበቱትን ለአዲሶቹ ያካፍላል። ደንበኞች በሠራተኞቹ ላይ የሚቆጡት ቀነሰ፤ ሥራውን ጥሎ የሚሄደውም አነሰ።

ሥራው አንድ ነው፣ የቋንቋ ሞዴሉም ዘመድ ነው። በአንዱ ቤት ማሽኑ የአዲሱን ሠራተኛ ወንበር ወሰደ። በሌላው ቤት ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ አስተማረው። ልዩነቱን የፈጠረው የአለቆቹ ውሳኔ ነው። በዚህኛውም ቤት ቢሆን አንድ ያልተከፈለ ዕዳ አለ፤ ጎበዞቹ ሠራተኞች ንግግራቸው ማሽኑን አስተምሯል፣ ግን የደሞዝ ጭማሪያቸው በሚለካበት ቁጥር ላይ ያገኙት ነገር የለም።

የተጠያቂነትን ነገርም ሳላነሳ አላልፍም። በፌብሩዋሪ 2024፣ የክላርና ማስታወቂያ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ካናዳ ውስጥ አንድ የፍትሐ ብሔር ዳኝነት አካል በኤር ካናዳ ላይ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። የአየር መንገዱ ቻትቦት (ከደንበኛ ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም) ለአንድ ሐዘንተኛ፣ ዘመድ ለሞተበት ተጓዥ ስለሚደረገው የቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ይሰጠዋል፤ ቻትቦቱ ለራሱ ተግባር ራሱ ተጠያቂ የሆነ የተለየ አካል ነው የሚል መከራከሪያም ቀርቦ ነበር። ዳኛው አልተቀበሉትም፤ በድረ ገጹ ላይ ላለው ሁሉ ተጠያቂው ድርጅቱ ነው ብለው 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰኑ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ድሮ ሠራተኛ ሲሳሳት ሱፐርቫይዘር ነበር የሚጠየቀው፤ አሁን ማን እንደሚጠየቅ ግን በዚህ ተቀምጧል።

ለእኛ የሚቀርበው ነገር

ክላርና በኢትዮጵያ አይሠራም። ጉዳዩ ግን በሌላ በር ወደ እኛ ይገባል። በ2020 የወጣው የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ካስቀመጣቸው አራት መንገዶች አንዱ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚደገፉ አገልግሎቶች ናቸው፤ የውጭ ኩባንያዎችን የጥሪ ማዕከልና የቢሮ ሥራ በኮንትራት ወስዶ ለወጣቱ ሥራ መፍጠር ማለት ነው። ፊሊፒንስና ህንድ በዚህ መሰላል ወጥተዋል፤ መጀመሪያ ቀላል ጥያቄ በመመለስ፣ ከዚያ ከባዱን በመያዝ፣ ከዚያ ቡድን በመምራት፣ ከዚያ የራሳቸውን ድርጅት በመክፈት። ክላርና ያሳየን ከዚህ መሰላል መጀመሪያ የሚነሳው የታችኛው እርከን መሆኑን ነው፤ እኛ ደግሞ ገና እግራችንን ልናሳርፍበት ያሰብነው እርከን እሱ ነው።

በሩ ተዘግቷል አልልም። ከአሁን በኋላ የሚፈረም ኮንትራት ግን በሰው ብዛትና በደቂቃ ቁጥር ብቻ ከተፈረመ፣ ማሽኑ በአንድ ወር ይበልጠዋል። ከባድ ጉዳይ በመፍታት የሚከፈል፣ ለአዲስ ሠራተኛ የመማሪያ ጊዜ የሚሰጥ፣ ማሽኑንም ከሠራተኛው ጎን የሚያስቀምጥ ኮንትራት ለምነንም ቢሆን ልናገኘው ይገባል። የአገር ውስጥ ባንኮችና ቴሌኮሞችም ቻትቦት ሲያስገቡ ይኸው ምርጫ በእጃቸው ነው። 951 ወይም 994 የሚደውለው ሰው ሁሉ ጽሑፍ የሚጽፍ አይደለም። ገንዘቡ በስሕተት ለሌላ ሰው የተላከበት ገበሬ የሚፈልገው «አይዞህ፣ እያየሁት ነው» የሚለውን ድምፅ ነው።

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የጥሪ ማዕከል ልታመለክት ነው። የሚያስፈትኗትን እንዳሳያት ጠየቀችኝና አንድ እሑድ በቪዲዮ ቁጭ አልን። ቀላሎቹን ጥያቄዎች ልጀምርላት ስል «ጋሼ፣ እነሱንማ ስልኬም ይመልሳቸዋል፤ የሚከብደውን ስጠኝ» አለችኝ።

ስሠራ ያጋጠመኝን አንድ ጉዳይ ሰጠኋት። አንድ ሰው እናቱ ሞተውበታል፤ ዕቃ በዱቤ ገዝተው ነበር፤ «ክፈይ» የሚለው መልእክት አሁንም በእናቱ ስም ይመጣል። እኔ ሰውየውን ሆኜ ጻፍኩላት። መጀመሪያ የትዕዛዝ ቁጥር ልትጠይቅ ጀመረች፤ አጠፋችው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ጻፈች። ከዚያ መልእክቶቹ ዛሬውኑ እንዲቆሙ እንደምታደርግ ነገረችው፤ የትኛው ወረቀት እንደሚያስፈልግና አሁን ባይኖረው ችግር እንደሌለው አስረዳችው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለሌላ ሰው ከመጀመሪያው እንዳይተርክ በመዝገቡ ላይ ማስታወሻ እንደምታስቀምጥ ጨመረችለት። ሰዓቱን አየሁት፤ 14 ደቂቃ ፈጅቶባታል። «ረዘመ እንዴ?» አለችኝ።